ስለ እንግዳው ካብና ስለ ጽሕፈት ቤትዎ አጥር

ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር የነባር መቃብሮች ልየታና ማዛወር ጊዜያዊ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአያቴን ዐፅም ለማንሣት ፈቃድ ስለ መጠየቅና ስለ ግቢዎ አጥር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእግዚአብሔር ሰላም ከክቡርነትዎ፣ ከባለቤትዎ፣ ከልጆችዎና ከመላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ጋር ይሁን እያልሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? በዚህ በግንቦት የቆላ ሙቀት እንዳይጎዱ ዘወትር አስብልዎታለሁ፤ ደግነቱ የቢሮዎ ማራገቢያ እርስዎ በሌሉበት ቀን ሁሉ ሳያርፍ ሲሽከረከር በመስኮቱ ስለማየው፣ ቢያንስ ወንበርዎ እንደማይሞቀው አውቄ እጽናናለሁ። እኔም ሆንሁ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን፤ ይህም ማለት በጽሕፈት ቤትዎ አሠራር ከአያቴ ይልቅ ጥቂት ማስረጃ ብቻ የሚጎድለን ሰዎች ነን ማለት ነው።

ክቡርነትዎ ስሜን ባያውቁት እንኳ የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል። ከግቢዎ በር ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ዘርግቼ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁት ወልደ ሚካኤል ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ከስድስት ዓመት በፊት «ጊዜያዊ» ተብሎ ወደዚህ ግቢ ከገባ ወዲህ በጠረጴዛዎ ላይ ከተከመሩት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ ከእኔ እጅ የወጡ ናቸው። «ስለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የምትለዋን መዝጊያ ለስንት ሺህ ባለጉዳይ እንደ ጻፍኋት ባላውቅም፣ ለራሴ ጽፌያት አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ጻፍኋት፤ ቀናው ትብብር ምን እንደሚመስልም በዓይኔ አየሁት። ይህኛው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ሳይሆን በአደባባይ የሚደርስዎ ስለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት አጋማሽ እማማ ኡሙልኸይር የሚባሉ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ማሳ ያላቸው አዛውንት ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጡ። እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ማመልከቻው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «ስለ እንግዳችን ነው፤ እንግዳችንን ሊያርሱብን ነው» አሉኝ። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ከመጀመሪያው እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፤ ባለጉዳይ ሲናደድ ከመጨረሻው ስለሚጀምር ይህን ዘወትር የማደርገው ነው።

እንደ ነገሩኝም፣ በጣሊያን ጊዜ አንድ ክርስቲያን መንገደኛ ከአፋር ገበያ ሲመለስ ወባ ጥሎት ከአያታቸው ደጅ ደረሰ። ሦስት ቀን አስታመሙት። ከትኩሳቱ ብዛት ስሙን እንኳ በወጉ መናገር አልቻለም፤ «ጎብዬ» እና «የልጄ ክርስትና» ከሚሉት ቃላት በቀር የተሰማለት የለም። በአራተኛው ቀን ሞተ። ወደ ጎብዬ መልእክት ላኩ፤ መልእክተኛው ግን በዚያ ክፉ ዘመን ከመንገድ ቀረ። በአካባቢው ቄስ ባለመገኘቱ፣ እነርሱም ከራሳቸው መካነ መቃብር ቢያስገቡት የእርሱ ወገን ይከፋው ይሆናል ብለው በመጨነቃቸው፣ ከማሳቸው ጠርዝ ላይ በክብር ቀበሩት። ጅብ እንዳይነካው፣ ጎርፍም እንዳይወስደው ድንጋይ ከመሩበት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለእርሻ ማሳ ሲያጸዱ የለቀሙትን ድንጋይ ሁሉ እየወሰዱ ከእርሱ ላይ ይደረድሩ ነበር። አባት ለልጅ፣ ልጅም ለልጅ ልጅ «ይኸ አደራ ነው» እያለ እያስተላለፈ፣ ክምሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ያገሬው ሰው የእንግዳው ካብ ይለዋል።

እማማ ኡሙልኸይር ይህን ካሉ በኋላ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው ከጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሟቹ ካንገቱ አስሮት የነበረ፣ ቤተሰቡ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰማንያ ሰባት ዓመት ያስቀመጠው የወይራ መስቀል ነበር። አንዱ ክንዱ ከሌላው ያጥራል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ያን መስቀል አይቼው ባላውቅም አውቀዋለሁ። የእናቴ የማሚቴ አባት አያ ወዳጆ በገዛ እጁ ሲቀርጸው ቢላዋው አዳልጦት አንዱን ክንድ እንዳሳጠረው፣ ሚስቱም ሌላ እንዲቀርጽ ብትለምነው «እግዜር አይለካውም» ብሎ እንዳሰረው፣ ሴት አያቴ ለእናቴ፣ እናቴም ለእኔ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። አያ ወዳጆ ከጎብዬ የወጣው እናቴ ገና በእናቷ ጀርባ ሳለች፣ ክርስትናዋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ በሬ ሸጦ ለድግሱ የሚሆነውን ሊያመጣ ነበር። አልተመለሰም። ወገኖቹ ወደ በረሃው ወረዱ፣ በአፋር ገበያ ጠየቁ፣ የበላው በረሃ ነው ብለውም እርማቸውን አወጡ። እናቴ ግን «ለእኔ ድግስ ሲል ነው የቀረው» እያለች አረጀች። እርሷ ይህን በተናገረች ቁጥር የሚሰማኝን ለመጻፍ የማመልከቻ አማርኛ አይበቃኝም፤ ልቤ ይቆረጣል ልበልና ልለፈው።

በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ጎብዬ ወረድሁና መስቀሉን ከእጇ ላይ አኖርሁላት። ዓይኗ ስለ ደከመ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ረጅሙን ክንድ ዳሰሰች፣ አጭሩንም ዳሰሰች፣ ወደ ረጅሙም ተመለሰች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ወልዴ፣ እንግዲህ ምን ትጠብቃለህ፣ አምጣልኝ እንጂ» አለችኝ። በደብሩ ቅጥር ውስጥ ከሴት አያቴ መቃብር ጎን የአንድ ሰው ቁመት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። እናቴ ላለፉት አርባ ዘጠኝ ዓመታት ያን ቦታ ለአባቷ ስትጠብቅ ኖራለች። ቆፋሪዎች ለሌላ ሟች ሊያዘጋጁት በመጡ ቁጥር ነጠላዋን አንጥፋ ትቀመጥበታለች፤ ሁለት ጊዜ የቀብር ሥነ ሥርዓት በእርሷ የተነሣ ዘግይቷል፣ የዕድር ዳኞችም እስከ ዛሬ ይህን አይረሱላትም። አሁን ሰማንያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሐኪሙም ልብሽ ደክሟል ብሏታል። አባቷ ፍትሐት ተደርጎለት ከእናቷ ጎን ሲያርፍ ሳታይ እንዳትሞት ነው ጭንቀቷ፤ የእኔም ጭንቀት ይኸው ነው።

እማማ ኡሙልኸይር የሚሉት «ማረስ» ደግሞ የአዲሱ መናኸሪያ ሥራ መሆኑን ደረስሁበት። ቦታው በቀይ ችካል ተከቧል፤ ግንቦት 18 ቀን ግሬደር ገብቶ ያስተካክለዋል። የታወቁ መቃብሮች በጽሕፈት ቤትዎ ፈቃድ ይነሣሉ፤ ያልታወቁት ከመሬቱ ጋር አብረው ይደለደላሉ። አያቴ ለሰማንያ ሰባት ዓመት በእንግድነት ታውቆ ከኖረ በኋላ «ያልታወቀ» የተባለው እንግዲህ በክቡርነትዎ ዘመን ነው። ለዚህም ያለኝን ምስጋና በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ መቃብር ያለበት ሰው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲቀርብ የሚያሳስበውን ማስታወቂያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ከዋናው በር በስተውስጥ በኩል ሲሆን፣ በሩም በነዚያው አሥራ አምስት ቀናት በእድሳት ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ሲከፈት ጊዜው አልፎ ነበር። የዘገየሁበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዳስረዳ ታዘዝሁና ጻፍሁ፤ በጻፍሁትም ደብዳቤ ላይ «አመልካቹ ማስታወቂያውን ለማንበብ ተገቢውን ጥረት አላደረገም» የሚል ማስታወሻ ሠፍሮበት ተመለሰልኝ። በርግጥ በመስኮት ለመግባት አልሞከርሁም፤ ጥፋቴን አምናለሁ።

ሁለተኛ፤ ሟቹ የጎብዬ ነዋሪ ሆነው ሳለ በሌላ ቀበሌ መሬት ስለ ተቀበሩ ከቀድሞ ቀበሌያቸው መሸኛ እንዲቀርብ ተጠይቄያለሁ። ሰው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ መያዝ እንዳለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከቤት ኪራይ እስከ ጋብቻ ስንቱን መሸኛ ያስጻፍሁ ሰው ነኝ። አያ ወዳጆ ግን በ1930 ዓ.ም. በሬውን እየነዳ ሲወጣ ቀበሌ የሚባል ነገር አልነበረምና ሳይሰናበት ሄዷል። ጎብዬ ሄጄ ብጠይቅ፣ መሸኛ የሚሰጠው ባለጉዳዩ ራሱ መታወቂያውን ሲመልስ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ይህንኑ ተመልሼ ብናገር የክፍሉ ባልደረባዎ ከልቡ አዝኖልኝ፣ እንግዲያው ሟቹ ለእኔ የሰጡት ውክልና ካለ ነገሩ እንደሚቀል፣ ከውክልናውም ጋር በቅርብ ጊዜ የተነሡት ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ለመልካም መስተንግዶው ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ፎቶግራፉን ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ሦስተኛው ነገር ቅጹ ነው። በቅጹ ላይ የቀብር ቦታው «የቤተ ክርስቲያን» ወይም «የመስጊድ» መሆኑን የሚጠይቅ ሁለት ሣጥን አለ። ክርስቲያን ሆኖ ሙስሊሞች በማሳቸው ዳር የቀበሩት፣ የቀባሪዎቹም የልጅ ልጆች የሚጠብቁት ሰው ከየትኛው ሣጥን እንደሚገባ ብጠይቅ፣ ባልደረባዎ ጥቂት አስቦ ሁለቱንም ባዶ ትቶ ከግርጌው «የለም» ብሎ ጻፈ። በራያ ቆላ እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም እንዳይባል፣ በዚሁ አገር አንዱ ወንድም ለቅዳሴ ሌላው ለጁምዓ ከአንድ ቤት የሚወጣበትን መንደር እኔ ብቻ ሳልሆን እርስዎም ያውቃሉ፤ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ግን በዚህ በኩል አላለፈም ይሆናል።

አራተኛ፤ ሲቀበሩ በዓይናቸው ያዩ፣ የታደሰ መታወቂያ ያላቸው ሦስት ምስክሮች ተጠየቅሁ። በዕለቱ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ዘጠና ሰባት ዓመቱ ነው። ቢሆንም ፈልጌ አንድ የዘጠና ስምንት ዓመት ሽማግሌ አገኘሁ፤ መስቀሉን ከሟቹ አንገት ሲፈቱ ማየታቸውን ያስታውሳሉ። መታወቂያቸው ግን አልታደሰም። የወይራ መስቀሉንም በማስረጃነት ባቀርብ፣ ባልደረባዎ አገላብጦ ካየው በኋላ ማኅተም እንደሌለው ጠቁሞ መለሰልኝ። ሃይማኖቱን አክብሮ በሁለት እጁ ስለ መለሰልኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛው ከራሴ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ ፊቴ እንደሚቀላ ይወቁልኝ።

እማማ ኡሙልኸይር ያን ዕለት ከነገሩኝ ውስጥ አንዱን እስካሁን አላነሣሁም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ገልባጭ መኪና መጥቶ የእንግዳውን ካብ ሙሉ በሙሉ ጭኖ ወስዶታል። እርሳቸው ከመኪናው ፊት ቆመው ከሥሩ ሰው እንዳለ ቢናገሩ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳዩአቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ምን እንደሚል ጠየቁ፤ ባለቤት የለውም ይላል ተባሉ። «ወላሂ ልጄ፣ ባለቤት የለውም ካለ ወረቀቱ ነው የዋሸ ብዬ ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አልሁ» ነው ያሉኝ። የተቀመጡበት ድንጋይ አያታቸው መጀመሪያ ከሟቹ ራስጌ ያኖሩት ነበር። ጫኚዎቹ ሌላውን ሁሉ አንሥተው፣ እርሳቸው ከተቀመጡበት አልነሣም ስላሉ፣ እርሱን ብቻ ትተው ሄዱ። ያ አንድ ድንጋይ ዛሬም በባዶው ማሳ ላይ ብቻውን አለ፤ አያቴ የት እንዳለ የምናውቀው በእርሱ ነው።

ይህን ስሰማ በጽሕፈት ቤት ላይ የሚነሣ ጥሩ ክርክር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ያ ወረቀት የተገኘበትን ማመልከቻ የጻፈውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ በልቤ ሰደብሁት። ማታ እቤቴ ገብቼ የማመልከቻ ቀሪዎቼን የማኖርበትን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈትሁ። የዚያን ዓመት ክምር ሳገላብጥ የካርቦኑን ቀሪ አገኘሁት። ጽሑፉ የእኔ ነው።

የመኪናው ባለቤት ኢብሮ የሚባል የከተማችን ሰው ሲሆን፣ ለጽሕፈት ቤትዎ አጥር ድንጋይ እንዲያቀርብ ስለ ታዘዘ የማንሻ ፈቃድ መጠየቂያ እንድጽፍለት መጥቶ ነበር። ድንጋዩ የማን ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ። ከማሳ የተለቀመ፣ የማንም ያልሆነ ነው አለኝ፤ እርሱም የመሰለውን ነው የተናገረው። እኔም «ባለቤት አልባ የድንጋይ ክምር» ብዬ ጻፍሁለት። «ባለቤት አልባ» የምትለዋ ሐረግ ደስ እንዳለችኝ፣ ሁለት ጊዜ እንዳነበብኋት ትዝ ይለኛል። በዚህች በአንዲት ሐረግ አያቴን ከነአስተናጋጆቹ አደራ ከምድር ላይ አነሣሁት። ሰው አርባ ዓመት ሙሉ የአያቱን መቃብር ሲያጠያይቅ ኖሮ ያገኘው ዕለት ራሱ ያስፈረሰው ሆኖ ቢያገኘው ምን እንደሚሰማው ለማንም አልመኝም፤ ለእርስዎም እንኳ።

በማግስቱ ወደ እማማ ኡሙልኸይር ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። «አብሽር ልጄ፣ አንተ የተነገረህን ጻፍህ፤ የዋሸስ መጥቶ ሳያይ ማኅተም የመታው ነው» አሉኝ። ኢብሮም ነገሩን እንደ ሰማ ከመኪናው መሳቢያ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። የፈቃዱ ደብዳቤ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ባለሙያ ወደ ቦታው ልከን ባደረግነው ማጣራት ክምሩ ባለቤት አልባ መሆኑን፣ ከሥሩም ምንም ዓይነት ነባር መቃብር አለመኖሩን ስላረጋገጥን እንዲነሣ ፈቅደናል።» ፊርማው የክቡርነትዎ ነው፤ ማኅተሙም ከወትሮው ይልቅ ደምቋል። ወደ ቦታው ባለሙያ ቀርቶ እንግዳ እንኳ እንዳልመጣ መንደሩ ሁሉ ይመሰክራል፤ አንድ አዛውንት ሴት ከካቡ ፊት ቆመው ሲጮኹ ግን ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ እኔ ሳልሄድ ጻፍሁ፣ እርስዎ ሳይሄዱ አረጋገጡ። በሁለታችን መካከል ያለው ልዩነት የእኔ ጽሑፍ ማኅተም የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጉዳይ ሳደራጅ የተማርሁትን ያህል ይህን ጉዳይ እንዳደራጅ ይፍቀዱልኝ። በአጥርዎ ውስጥ ያለው ድንጋይ ከሁለት አንዱ ነው። ባለቤት ካለው ባለቤቱ አያ ወዳጆ ነው፤ ከሥሩም መቃብር ነበረ፤ ይህም በገዛ መዝገብዎ ስለ ታወቀ ሌላ ምስክርም ሆነ መሸኛ አያስፈልግም፤ የማንሻ ፈቃዱን ዛሬውኑ ይስጡን። ባለቤት ከሌለው ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤዎ ባለቤት አልባውን ክምር ኢብሮ እንዲያነሣ ይፈቅዳል፤ ድንጋዩ ከየት እንደሚነሣ አይወስንም፣ የሚያበቃበት ቀንም የለውም። ኢብሮ መኪናውን አዘጋጅቷል። ግንቦት 14 ቀን ጠዋት ከጎብዬ የእናቴ ወገኖች፣ ከዋጃ መንገድም የእማማ ኡሙልኸይር ልጆች ተሰብስበን መጥተን፣ በራስዎ ፊርማና በራስዎ ማኅተም፣ አጥርዎን ድንጋይ በድንጋይ እንጭናለን። ሥራዎን ላለማስተጓጎል ቀስ ብለን እንሠራለን። ሥራ ካለ።

ድንጋዩን ለምን እንደምንፈልገው ግራ ቢገባዎ፣ እናቴ ናት ያዘዘችን። ዐፅሙ ከእናቷ ጎን ሲያርፍ ድንጋዩም አብሮ እንዲሄድና ከላዩ እንዲከመር ትፈልጋለች። የማታውቃቸው ሰዎች በየዓመቱ አንድ በአንድ ያለበሱትን ልብስ ገፍፌ አላስገባውም ትላለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሴቶች አንድን ሰው በመቀመጥ ብቻ ጠብቀውታል፤ አንደኛዋ ከራስጌው ድንጋይ ላይ፣ ሁለተኛዋ ከሚያርፍበት ባዶ ቦታ ላይ። ክቡርነትዎም ለስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። መቀመጥ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ የሚወሰነው እንግዲህ በወንበሩ ሳይሆን በተቀማጩ መሆኑን ተምሬበታለሁና ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ይህ ደብዳቤ ከመጠን በላይ ቢረዝም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግሬደሩ ሊገባ የቀረው አሥራ አራት ቀን ብቻ ነው፣ የእናቴ ልብ የቀጠረው ቀን ግን አይታወቅም። ዕድሜ ከጤና፣ ሹመት ከዕረፍት ጋር እንዲሰጥዎ፣ ከዕለታት አንድ ቀን እርስዎም እንደ ማንኛችንም ከምድር በታች ሲገቡ በላይዎ ላይ በየዓመቱ አንድ ድንጋይ የሚያኖር፣ የማያውቁት ደግ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ የበጎ ፈቃድዎን ጥላ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ሆኜ የምጠባበቅ፣

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር

ወልደ ሚካኤል
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የባለቤት አልባው ድንጋይ ባለቤት የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለእማማ ኡሙልኸይር፣ ይነበብላቸው
ለኢብሮ፣ ከመኪናው መሳቢያ እንዲያኖረው
ለቀሪ ሣጥኔ

የተረሳ፦ ማክሰኞ ዕለት እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ ቆቦ አምጥቻት ነበር። ከሐኪሙ ስንመለስ እኔ ለዚሁ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ተሰልፌ ሳለ እርሷ ከአጥርዎ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጀርባዋን ከድንጋዩ አስጠግታ ጠበቀችኝ። ዘበኛዎ መጥቶ «እናቴ፣ እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አላት። «አባቴን ተደግፌ ነው ልጄ» አለችው። ከዚያ በኋላ ምንም ማስረጃ አልጠየቃትም፤ ውኃ አመጣላት፣ ፀሐይዋ ስትዞርም ጃንጥላውን ዘረጋላት። ደንብ ጥሷል ብለው እንዳይቀጡት አደራ እላለሁ። በሰማንያ ሰባት ዓመቷ አባቷን ስትደገፍ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።